ሊኑክስና ማልዌር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊኑክስ ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ያላቸው ሰዎች ስለ ደህንነትና ስለ ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) ሲጠይቁኝ ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ስለሚፈልግ ነው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ለምሳሌ መጋቢት የምለው ማርችን ነው።

ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ግን አባባሉ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። በድሮው አነጋገር «ቫይረስ» ማለት ራሱን እያባዛ፣ በፍላሽና በኢሜይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለው ነገር በሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ በእርግጥም ብርቅ ነው። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ፋይል በራሱ ጊዜ ተነስቶ መሥራት አይጀምርም፤ መጀመሪያ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። ሶፍትዌሩም በአብዛኛው የሚመጣው ከአንድ የታወቀ ማከማቻ ነው። የዴስክቶፕ ተጠቃሚው ቁጥር ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ አጥቂዎች ብዙም አልደከሙበትም።

ሰርቨር ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን የተባሉት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አብዛኛው የክላውድ ማሽን፣ የቤት ራውተር፣ በኢንተርኔት የሚታይ የጥበቃ ካሜራ ሁሉ ውስጡ ሊኑክስ ነው። ሌባ ንብረት ያለበትን ቤት ነው የሚያየው። ኢሴት የተባለው የደህንነት ኩባንያ በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ኢቡሪ የሚባለው ማልዌር ከ2009 ጀምሮ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰርቨሮችን እንደያዘ ገልጿል። ኢቡሪ የሚቀመጠው የሰርቨሩ መግቢያ ላይ ነው። ሰው በኤስኤስኤች፣ ማለትም ሰርቨር ውስጥ ከርቀት በሚገባበት መንገድ፣ በገባ ቁጥር ፓስወርዱንና ቁልፉን ይሰርቃል፤ በዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ሰርቨር ይሻገራል።

ስለዚህ «ቫይረስ አለ ወይ?» ከማለት «ማን፣ በየት በኩል ገብቶ፣ ምን ሊወስድ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ገብቶስ ምን ያደርጋል? እኔ ጋ የሚሰረቅ ነገር የለም።

ይህን በጣም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የሚሰረቀው ግን የግድ ፋይል አይደለም። ማሽኑ ራሱ ነው።

ዛሬ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በብዛት የሚታየው ክሪፕቶ ማይነር ነው። የእናንተን ፕሮሰሰርና መብራት እየበላ ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ ያመርታል። ሁለተኛው ቦትኔት ነው። ማሽናችሁ ከሺዎች ጋር ተሰልፎ በታዘዘ ጊዜ ሌላ ሰው ላይ ይዘምታል። በ2016 የተነሳው ሚራይ የዚህ ዓይነት ነበር። ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና መሰል ዕቃዎች እያደነ ሰበሰበ። መሣሪያው ደግሞ 60 ገደማ የተለመዱ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ጥንዶች ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር) አገልግሎት ሰጪ ሲመታ ትዊተርን፣ ኔትፍሊክስንና ሬዲትን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ያን ቀን ምንም አላወቁም።

ራንሰምዌርም አለ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር ነው። በ2017 ናያና የተባለ የደቡብ ኮሪያ የሆስቲንግ ኩባንያ 153 የሊኑክስ ሰርቨሮቹ ኤሬበስ በሚባል ራንሰምዌር ተቆለፉበት። ከ3,400 በላይ የደንበኞች ድረ ገጾች አብረው ተቆለፉ። ኩባንያው በመጨረሻ 397.6 ቢትኮይን ለመክፈል ተስማማ፤ በጊዜው አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት ነው። በኋላ ሲታይ ድረ ገጹ ይሠራ የነበረው በ2008 በተዘጋጀ ከርነል፣ ማለትም የሊኑክሱ እምብርት፣ እና በ2006 በወጡ የአፓቼና የፒኤችፒ (የድረ ገጽ ማሠሪያ ሶፍትዌሮች) ስሪቶች ነበር። ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው። የደንበኛ ሥራ ይዞ አሥር ዓመት ያለ አፕዴት መቀመጥ የሰው አደራ መጣል ነው።

በየት በየት በኩል ነው የሚገባው?

ከለመድኩት ልጀምር። አንደኛ፣ በደካማ ፓስወርድ። አዲስ ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ አውጥታችሁ የመግቢያ ሎጉን (መዝገቡን) ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የማታውቋቸው አድራሻዎች «ሩት» (በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ)፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» እያሉ ሲሞክሩ ታገኛላችሁ። እናንተን የሚያውቅ ሰው አይደለም። መላውን ኢንተርኔት በር በበር የሚያንኳኳ ማሽን ነው። ለዚህ ነው «እኔን ማን ያውቀኛል?» የሚለው መጽናኛ የማይሠራው።

ሁለተኛ፣ አፕዴት ባልተደረገ ሶፍትዌር። ይበልጡን ችግሩ ያለው ሊኑክሱ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ የተጫነው ነገር ላይ ነው። የዎርድፕረስ ፕለጊን፣ የተረሳ የመሞከሪያ ድረ ገጽ፣ የጃቫ አፕሊኬሽን። በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርሼል የሚባለው ክፍተት ይፋ ሲወጣ ወዲያውኑ ነበር ማይነር ለመትከል ሲጠቀሙበት የታየው።

ሦስተኛ፣ ለውስጥ ብቻ መሆን ሲገባው ለውጭ በተከፈተ አገልግሎት። ሬዲስ የሚባለው ዳታቤዝ ያለ ፓስወርድ በፖርት (በኔትወርክ መግቢያ በር) 6379፣ ዶከር የሚባለው የኮንቴይነር ማስነሻ መቆጣጠሪያው (ኤፒአይ) ያለ ጥበቃ በፖርት 2375። እነዚህን ለዓለም ክፍት ማድረግ የቤት ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። የዶከሩ ይብሳል። ያን ፖርት ያገኘ ሰው የፈለገውን ኮንቴይነር (ፕሮግራም ለብቻው የሚሠራበት ክፍል) አስነስቶ የሰርቨሩን ሙሉ ዲስክ ውስጡ ማስገባት ይችላል።

አራተኛው በገዛ እጃችን የምንጭነው ነው። እሱን ከታች ለየብቻው አየዋለሁ።

ሩት ሆኜ ካልገባሁ ምን ሊያደርገኝ ይችላል?

ሲስተሙን ማፍረስ ይከብደዋል። የእናንተን ሕይወት ማመሰቃቀል ግን አይከብደውም። እስቲ አስቡት፤ ፎቶዎቻችሁ፣ ሰነዶቻችሁ፣ ብራውዘሩ ያስቀመጣቸው ፓስወርዶች፣ ኢሜይላችሁን ክፍት አድርገው የሚያቆዩት ኩኪዎች፣ የኤስኤስኤች ቁልፎቻችሁ፣ የሚቀመጡት የት ነው? በራሳችሁ የሆም ማህደር ውስጥ። እናንተ የምትነኩትን ሁሉ በእናንተ ስም የሚሠራ ፕሮግራምም ይነካዋል። ለዚህ ሩት አያስፈልገውም።

ከዚያም ሩት ለመሆን መንገድ ይፈልጋል። በጥር 2022 ፒውንኪት የተባለ ክፍተት ይፋ ሆነ። ፒኬኤግዜክ በሚባል፣ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ አብሮ በሚመጣ ፕሮግራም ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ በሰከንዶች ሩት ይሆንበት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2016 የተዘጋው ደርቲ ካው አለ፤ እሱ ከርነሉ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ኖሯል።

ቀለል ያለም መንገድ አለ። ማልዌሩ የተርሚናላችሁን መነሻ ፋይል፣ ማለትም ባሽአርሲን፣ ይቀይርና «ሱዶ» (ለአንድ ትዕዛዝ የሩት ሥልጣን የሚሰጠው) ስትሉ የራሱን ሐሰተኛ ሱዶ ያስነሳላችኋል። ፓስወርዳችሁን ትጽፋላችሁ፤ እሱ ይመዘግባል። ትዕዛዛችሁም በትክክል ይፈጸማል። ምንም ነገር አይጠረጠርም።

ታዲያ ሶፍትዌር ከየት ላምጣ?

መጀመሪያ ከምትጠቀሙበት የሊኑክስ ዓይነት ሕጋዊ ማከማቻ። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ ሁሉም የራሳቸው ማከማቻ አላቸው። እዚያ የሚገኘው ጥቅል በዲጂታል ፊርማ የተጠበቀ ነው። መንገድ ላይ ሰው ቢነካካው ፓኬጅ ማኔጀሩ ፊርማው አልገጥም ይለውና አልጭንም ይላል። አዲሱ ስሪት ቶሎ ላይደርስ ይችላል። እኔ በበኩሌ ሰርቨር ላይ ሁለት ስሪት ወደኋላ የቀረ ግን የተፈረመ ጥቅልን እመርጣለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ፍላትሃብና ስናፕ ስቶር የሚባሉ የአፕ መደብሮች አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ግን ማንም ሰው ሊያስገባባቸው እንደሚችል አትርሱ። በግንቦት 2018 ስናፕ ስቶር ላይ የቁጥር ጨዋታ መስሎ በውስጡ ማይነር የደበቀ አፕ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላም የታወቁ የክሪፕቶ ዋሌቶችን ስም የያዙ ሐሰተኛ አፖች እዚያው ወጥተው ሰዎች ገንዘባቸውን አጥተዋል። አሳታሚው በትክክል የሶፍትዌሩ ባለቤት መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት ሳታዩ አትጫኑ። ፍላትፓክ (የፍላትሃብ ጥቅል) ከሆነ ደግሞ አፑ የጠየቀውን ፈቃድ ተመልከቱ። ሙሉ የሆም ማህደሩን የጠየቀ አፕ አጥር አለው ማለት ይከብዳል።

አርች ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤዩአር የተጠቃሚዎች ማከማቻ እንጂ የአርች ቡድን የመረመረው ማከማቻ አይደለም። በሐምሌ 2025 የብራውዘር ማስተካከያ የሚመስሉ ሦስት ጥቅሎች እዚያ ተጭነው ነበር፤ ሲጫኑ ማሽኑን ከርቀት የሚቆጣጠር ማልዌር ያመጡ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ተወገዱ። መጫኛ ፋይሉን ከፍቶ ያነበበ ሰው ግን ከማይታወቅ ቦታ ኮድ እንደሚያወርድ ያይ ነበር። ፋይሉ አጭር ነው። አንብቡት።

የአይኤስኦ (የሊኑክስ መጫኛ) ፋይሉን ቼክሰም (የማመሳከሪያ ቁጥር) አመሳከርኩ። ይበቃል?

ፋይሉ ሲወርድ እንዳልተበላሸ ለማወቅ ይበቃል። ሰው እንዳልቀየረው ለማወቅ ግን ላይበቃ ይችላል። በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የ17.3 ሲናመን ስሪት ማውረጃ ሊንክ የጓሮ በር (ሚስጥራዊ መግቢያ) ወደተከፈተበት ፋይል ተቀይሮ ነበር። ድረ ገጹን የተቆጣጠረ ሰው ሊንኩን መቀየር ከቻለ፣ አጠገቡ የተጻፈውን ቼክሰምም መቀየር አይሳነውም። የሚያስተማምነው የጂፒጂ ዲጂታል ፊርማው ነው። ፊርማውን የሚያወጣው ቁልፍ ድረ ገጹ ላይ አይቀመጥማ።

መመሪያ ላይ ያገኘሁትን ትዕዛዝ ኮፒ አድርጌ ተርሚናል ላይ ብለጥፍስ?

ሁላችንም እናደርገዋለን። አታድርጉ ብዬ አልደክምም፤ እንዴት እንደምታደርጉት ግን ልንገራችሁ።

ድረ ገጽ ላይ የምታዩት ጽሑፍና ኮፒ የሚሆነው ጽሑፍ የግድ አንድ አይደለም። በመሃል የማይታይ መስመር ሊደበቅ ይችላል። መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ካለው ደግሞ እናንተ ኢንተር ሳትነኩ ትዕዛዙ ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ላይ ለጥፉት። እዚያ ላይ ያልጠበቃችሁት ነገር ብቅ ካለ ያኔ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው፣ «ከርል» በሚባለው ማውረጃ ስክሪፕት አምጥቶ ቀጥታ ወደ ባሽ (ትዕዛዝ ወደሚፈጽመው ፕሮግራም) የሚያፈስ፣ ያውም በሱዶ፣ ዓይነት ትዕዛዝ ነው። ትልልቅ ፕሮጀክቶችም እንደዚህ ጫኑ ይላሉ። ችግሩ የላኩላችሁን ሳታዩ ነው የምትፈጽሙት። ለሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ስክሪፕቱን ፋይል አድርጋችሁ አውርዱ፤ ከዚያ ከፍታችሁ እዩ። ሁሉንም መረዳት አይጠበቅባችሁም። ከሌላ አድራሻ ምን እንደሚያወርድ፣ ምን እንደሚሰርዝ፣ ሱዶ የት የት እንደሚጠራ ፈልጉ። ረጅም የተዘበራረቀ የፊደል ድርድር አምጥቶ ፈትቶ ወደ ባሽ የሚልክ መስመር ካገኛችሁ እዚያው ተዉት። ሐቀኛ መጫኛ ራሱን አይደብቅም።

የዴስክቶፕ ቲም (ገጽታ) እና አይከንስ? ማስዋቢያ ብቻ ነው አይደል?

ሁልጊዜ አይደለም። በመጋቢት 2024 ኬዲኢ ከሚባለው ዴስክቶፕ መደብር (ኬዲኢ ስቶር) የወረደ አንድ ግሎባል ቲም የአንድን ተጠቃሚ ፋይሎች ጠራርጎ አጥፍቷል። ሰሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቲሙ ውስጥ ያለው ስክሪፕት ስህተት ነበረበት። ማስዋቢያ የሚባሉት ነገሮች ኮድ ማስኬድ ስለሚችሉ ልክ እንደ ፕሮግራም ቁጠሯቸው። የብራውዘር ኤክስቴንሽንም እንደዚያው።

ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ሰው ያየዋል። ተንኮል ካለበት ይታወቅ የለም?

ማየት ይችላል ማለትና ያያል ማለት ይለያያሉ። ይህን የኤክስዚ ታሪክ ያህል የሚያሳይ አላውቅም።

ኤክስዚ ፋይል ማመቂያ ነው። አብዛኛው ሊኑክስ ላይ አለ፤ ማንም አያስታውሰውም። ለዓመታት በዋናነት አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ነበር የሚንከባከበው። ጂያ ታን በሚል ስም አንድ ሰው መጣና ሥራ ማገዝ ጀመረ። ማስተካከያዎቹ ጥሩ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ሌሎች የማይታወቁ ስሞች «ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ይጨመር» እያሉ ባለቤቱን ወጥረው ያዙት። ቀስ በቀስ ጂያ ታን ታምኖ ሥራ የሚሰጠው ሰው ሆነ፤ አዲስ ስሪት የማውጣት ሥልጣንም አገኘ። በየካቲትና በመጋቢት 2024 የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የጓሮ በር ተቀበረ።

የተቀበረበት መንገድ ነው የሚያስደነግጠው። ተንኮሉ ለሙከራ የተቀመጡ የታመቁ ፋይሎች መስለው ከቆዩ ፋይሎች ውስጥ ነበር። እነሱን ፈልቅቆ የሚያወጣው መስመር ደግሞ ለሁሉም በሚታየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ የለም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ኮዱን ኦንላይን ያነበበ ሰው አያገኘውም። ዒላማው ኤስኤስኤች ነበር። የጓሮ በሩን ሚስጥራዊ ቁልፍ የያዘ ሰው በሰርቨሮቹ ላይ ያሻውን ትዕዛዝ እንዲያስፈጽም ነው የተሠራው።

የተያዘው እንዴት ነው? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ ሌላ ነገር እየለካ ሳለ ኤስኤስኤች መግቢያው ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበት። ፕሮሰሰሩንም ከልክ በላይ ይበላ ነበር። ብዙዎቻችን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። እሱ አላለፈውም። ተከታትሎ ኤክስዚ ላይ ደረሰና በመጋቢት 29 ቀን 2024 ለዓለም ይፋ አደረገው። በክፍተቶች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2024-3094 ተብሎ ተመዘገበ። የዴቢያን የሙከራ ስሪቶችና የፌዶራ ቅድመ ስሪቶች ደርሷቸው ነበር። ሰርቨር ላይ በብዛት የሚሠራባቸው የተረጋጉ ስሪቶች ላይ ገና አልገባም ነበር።

እና ኮዱ ክፍት መሆኑ ረድቷል? አዎ። ዝግ ቢሆን ኖሮ እሱ ያን ግማሽ ሰከንድ ተከትሎ ሥሩ ድረስ መውረድ አይችልም ነበር። ነገር ግን ያዳነን የአንድ ሰው ትጋት ነው። የምትጠቀሙበትን ትንሽ ፕሮጀክት አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት እንደሆነ ስታዩ እርዱት፤ በኮድ፣ በገንዘብ፣ ቢያንስ ደግሞ ባለመወትወት።

አንቲቫይረስ ልጫን?

ለቤት ኮምፒውተር፣ ሶፍትዌር ከማከማቻው ብቻ የምትጭኑ ከሆነ፣ አስቸኳይ አይደለም። ክላምኤቪ ነጻና የታወቀ ነው። በብዛት የሚያገለግለው ግን በሜይልና በፋይል ሰርቨር ላይ የሚያልፉ ፋይሎችን ለመፈተሽ ነው። የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ፋይል የሚለዋወጡበት ሰርቨር ካላችሁ ጫኑት፤ ለእነሱ ትጠብቁላቸዋላችሁ።

ለሰርቨር የሚጠቅመው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። ሊኒስ ሲስተሙን ፈትሾ የላላውን ቦታ ይነግራችኋል። ኤይድ ደግሞ የሲስተም ፋይሎችን አሻራ ይመዘግብና የተቀየረ ሲኖር ያሳያል። ኤይድ የሚጠቅመው ሰርቨሩ ገና ንጹሕ ሳለ ከተጫነ ብቻ ነው። ከተያዘ በኋላ መጫን ሌባው ቤት ገብቶ ሳለ ዕቃ እንደመቁጠር ነው።

የዊንዶውስ ፕሮግራም በዋይን ብከፍትስ?

ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ያስከፍታል እንጂ የደህንነት አጥር አይደለም። በተለምዶ የሆም ማህደራችሁን ለፕሮግራሙ ያሳየዋል። የዊንዶውስ ራንሰምዌር በዋይን ተነስቶ የሊኑክስ ሰነዶቻችሁን ሊቆልፍ ይችላል። የማታምኑትን ፕሮግራም ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ክፈቱት።

አዲስ ሰርቨር ተረከብኩ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አፕዴት አድርጉት። ከዚያ ለራሳችሁ ተራ የተጠቃሚ ስም ፍጠሩና በኤስኤስኤች ቁልፍ መግባት መቻላችሁን አረጋግጡ። የቀድሞውን ተርሚናል ሳትዘጉ ነው ይህን የምታደርጉት፤ ስህተት ቢፈጠር ውጭ እንዳትቀሩ። ቁልፉ ከሠራ በኋላ በፓስወርድ መግባትንና ቀጥታ ሩት ሆኖ መግባትን ዝጉ። የሚራይ ዓይነት የፓስወርድ ግምት ከዚያ ወዲያ ለአጥቂዎች ምንም አያደርግላቸውም።

ቀጥላችሁ ምን ምን ፖርት ክፍት እንደሆነ እዩ። «ኤስኤስ» የሚባለው ትዕዛዝ ያሳያችኋል። የማታውቁት ነገር እየሰማ ከሆነ ምን እንደሆነ እስክታውቁ አትተኙ። ዳታቤዝ የሚሰማው ከራሱ ማሽን ብቻ መሆን አለበት። ፋየርዎሉን ሁሉንም ዝጋ በሉትና የሚያስፈልገውን ብቻ ክፈቱ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዶከር ለኮንቴይነር ፖርት ሲከፍት የዩኤፍደብልዩን (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ሕግ አልፎ ነው የሚከፍተው። ፋየርዎሌ ዘግቶታል ብላችሁ የተማመናችሁበት ዳታቤዝ ለዓለም ክፍት ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከሌላ ማሽን ሆናችሁ ሞክሩት።

ፌይልቱባን፣ ማለትም ደጋግሞ የሚሳሳተውን አድራሻ የሚያግድ ፕሮግራም፣ መጫን አይከፋም። ሎጉን ያቀልላችኋል። የፓስወርድ መግቢያን መዝጋት ግን አይተካም።

አፕዴት ሳደርግ የሆነ ነገር ቢበላሽብኝስ?

ስጋቱ ይገባኛል፤ አንዳንዴም ይበላሻል። ቢሆንም የደህንነት አፕዴት ከትልቅ የስሪት ለውጥ ይለያል። የተረጋጉ ስሪቶች ላይ በአብዛኛው ቀዳዳው ብቻ ነው የሚደፈነው፤ ሌላው ነገር እንዳለ ይቆያል። ዴቢያንና ኡቡንቱ የደህንነቱን ብቻ በራሱ ጊዜ የሚጭን «አናተንድድ አፕግሬድስ» የሚባል አላቸው። ክፈቱት። ከርነል ሲታደስ ሰርቨሩን ካላስነሳችሁት አሮጌው ነው የሚሠራው። «800 ቀን ሳይጠፋ ሠራ» ብሎ የሚኮራ ሰው ስሰማ እኔ የሚታየኝ 800 ቀን ያልታደሰ ከርነል ነው።

የድጋፍ ዘመኑንም እወቁ። የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው ስሪት) መደበኛ ድጋፍ አምስት ዓመት ነው። ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ድጋፉ በሰኔ 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ እሱ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ለመውጣት ዛሬ ዕቅድ ያዙ።

ሰርቨሬ እንደተያዘ በምን አውቃለሁ?

አንድ ያየሁትን ላሳያችሁ። የማግዘው አንድ ድርጅት ድረ ገጹ ተንቀራፈፈበት። ገብቼ «ቶፕ» ስል ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተይዟል። የያዘው ፕሮግራም ስሙ «ኬዴቭቴምፕኤፍኤስአይ» ይላል። የከርነሉ የራሱ ሥራ ይመስላል። በእርግጥም ከርነሉ «ኬዴቭቴምፕኤፍኤስ» የሚባል የራሱ ክር (የውስጥ ሂደት) አለው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው አንዲት «አይ» ፊደል ናት። በችኮላ ያየ ሰው ያልፋታል።

እውነተኛ የከርነል ክር ዲስክ ላይ የተቀመጠ የፕሮግራም ፋይል የለውም። ስለዚህ በፕሮክ ማህደር ውስጥ በሂደቱ ቁጥር ገብቼ «ኤግዜ» የሚለው ማያያዣ ወዴት እንደሚያመለክት አየሁ። ወደ ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች) ማህደር ይጠቁማል። ከርነል ቴምፕ ውስጥ ምን ይሠራል? ፕሮግራሙን ስገድለው ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ መጣ። የክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ሠንጠረዡን ስከፍት በየደቂቃው ስክሪፕት የሚያወርድ አንድ መስመር ተጽፏል። የተጻፈው ሬዲስ በሚጠቀምበት ስም ነው። ሬዲሱ ያለ ፓስወርድ ለውጭ ክፍት ነበር። ፍንጩ ተያይዞ እዚያ ድረስ ወሰደኝ።

እናንተም የምታዩት እነዚህን ነው፦ ክሮንና የሲስተምዲ አገልግሎቶች ላይ የማታውቁት መስመር፣ «ኦቶራይዝድ ኪይስ» ፋይል ውስጥ የማታውቁት ቁልፍ፣ ቴምፕና «ሼርድ ሜሞሪ» ማህደሮች ውስጥ ፈቃድ የተሰጠው ፕሮግራም፣ «ኤልዲ ፕሪሎድ» የሚባል በተለምዶ መኖር የሌለበት ፋይል። የመጨረሻው ካለ ተጠንቀቁ። ሂደቶችን ከዓይናችሁ መሰወር ይችላል። በ2024 ይፋ የሆነው ፐርፍሲቲኤል የሚባለው ማልዌር ደግሞ ሰው ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ማይነሩን ያቆምና ሲወጣ ይቀጥላል። ስለዚህ ገብቶ ማየት ብቻውን አይበቃም። ከውጭ ሆኖ የፕሮሰሰሩን ፍጆታ በግራፍ የሚመዘግብ ነገር ይኑራችሁ። ማታ ማታ ማንም በሌለበት ከፍ ብሎ ስትገቡ የሚወርድ መስመር ራሱ ይናገራል።

ማልዌሩን አገኘሁት። አጥፍቼው ልቀጥል?

አይሆንም። በዚህ ላይ አልደራደርም። ያገኛችሁት እንዲገኝ የተተወውን ሊሆን ይችላል። ሩት የሆነ ሰው የትኛውን ትዕዛዝ እንደቀየረ አታውቁም። «ምንም የለም» የሚላችሁ ትዕዛዝ ራሱ የተለወጠ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ማሽኑን ከኔትወርክ ነጥሉት። ክላውድ ከሆነ ሳታጠፉ የዲስኩን ቅጂ ያዙ። በየት እንደገባ ከእሱ ፈልጉ፤ ካላወቃችሁ አዲሱም በዚያው መንገድ ይያዛል። ከዚያ ከባዶ አዲስ ሲስተም ጫኑ። ከአሮጌው ዳታ ብቻ አምጡ፤ ፕሮግራምና ስክሪፕት አታምጡ። የድረ ገጽ ፋይል ከሆነ ከዋናው ምንጭ እንደገና አውርዱት።

ፓስወርዶችን፣ የኤስኤስኤች ቁልፎችን፣ የኤፒአይ ቁልፎችን፣ የዳታቤዝ መግቢያን ቀይሩ፤ ከንጹሕ ማሽን ሆናችሁ። ከዚያ ሰርቨር ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያስገባ ቁልፍ ከነበረ ያኛውንም እንደተያዘ ቁጠሩት። የደንበኞች መረጃ ከነበረበት ለደንበኞቹ ንገሩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል።

ባክአፕ አለኝ። ከራንሰምዌር ያድነኛል?

የት እንዳለ ይወሰናል። ሰርቨሩ ሊጽፍበት የሚችል ቦታ ላይ ከሆነ ራንሰምዌሩም ይጽፍበታል፤ አብሮ ይቆለፋል። ሰርቨሩ ወደ ባክአፑ ከሚገፋ፣ የባክአፕ ማሽኑ መጥቶ ቢወስድ ይሻላል። ያኔ ሰርቨሩን የያዘ ሰው የባክአፑ ቁልፍ የለውም። አሮጌ ቅጂዎችንም ለሳምንታት አቆዩ። ማልዌር ከመታወቁ በፊት ብዙ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል የትናንቱ ቅጂ ራሱ የተበከለ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቅዳሜ ጊዜ ወስዳችሁ ባክአፑን ባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ዳታቤዙ ይነሳል? ፋይሎቹ ሙሉ ናቸው? ስንት ሰዓት ወሰደ? ያን ሰዓት ጻፉት።